ሲወደድ የሚተወው ማን ነው?

«ይወደድ! ኪሳቸው ሲሳሳ ራሳቸው ይተዉታል።» ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ የሱስ ነገር በተነሳ ቁጥር ይህ ሳይባል የሚበተን ስብሰባ የለም። ዕድር ላይ አባወራው ይለዋል፣ ወረዳ ላይ ሹሙ ይለዋል፣ ሬዲዮ ላይ የሚደውለው አድማጭ ይለዋል። አንዱ ቀረጥ ይጨመርበት ባይ ነው፤ ሌላው ፖሊስ አሳድዶ ከገበያ ያጥፋው ባይ። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ መድረሻቸው አንድ ነው። ሱስ አስያዡ ነገር ሲጠፋና ሲወደድ ጉዳቱም አብሮ ይቀንሳል ብለው ያምናሉ።

ግማሹ እውነት ነው። ጨርሶ ውሸት ቢሆን ኖሮማ ይሄኔ ተጥሎ ነበር። ሲጋራ ሲወደድ አጫሽ ይቀንሳል፤ በተለይ ገና ያልለመደው ልጅ እጁን ይሰበስባል። ይህ በብዙ አገር ተፈትኖ የታየ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በሲጋራ ላይ 30 በመቶ ጥሎ፣ በዚያ ላይ በእያንዳንዱ ፓኬት 8 ብር ሲጨምር የምቃወምበት ምክንያት አልነበረኝም። ግን ሲጋራ ላይ ለምን እንደሠራ እንጠይቅ። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ይታወቃል፣ ፋብሪካው አድራሻ አለው፣ ሻጩ ሱቁን ከፍቶ ነው የሚሸጠው፣ መግዛት ያቃተውም ሰው ከሲጋራ ወደባሰ ነገር ለመውረድ የሚገፋው ነገር ብዙም የለም። እነዚህ አራት ነገሮች በሌሉበት ገበያ ዋጋ ሲሰቀል ምን እንደሚሆን ግን አዲስ አበባን የሚያህል ምስክር የለም። ጤፍ ሲወደድ እንጀራ መብላት የተወ ሰው አላየንም። ያየነው እንጀራው ውስጥ የገባ ጀሶ ነው። ቅቤ ሲወደድ ሙዝ፣ በርበሬ ሲወደድ የሸክላ ዱቄት አየን። ንግድ ፈቃድ ባለው፣ ተቆጣጣሪ በሚጎበኘው፣ እናቶች በዓይናቸው አገላብጠው በሚገዙት ሸቀጥ ላይ እንዲህ ከተደረገ፣ በጓሮ በር በጨለማ የሚቀበሉት ነገር ሲወደድ ምን እንደሚገባበት መገመት አያቅትም።

ከጫት ልጀምር፤ ሕጋዊ ነው፣ ኮልፌም በደንብ ታውቀዋለች። ሎሚ ሜዳ አካባቢ ካሉት ጫት ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ከምሳ በኋላ ትንሽ የቆመ ሰው የገበያውን ሕግ በሙሉ ያያል። ዙርባው በኮባ ተጠቅልሎ ይመጣል። ባለሱቁ ኮባውን ላላ ያደርግና ውሃ ረጨት ያደርግበታል፤ ለጋውን ወደላይ፣ የጠወለገውን ወደታች ያሰናዳል። ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ አይደለም። «የዛሬ ነው?» ብሎ ነው። ልክ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋናው የሚያነቃቃ ነገር፣ ካቲኖን የሚባለው፣ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ስለዚህ በለጩም ሆነ አወዳይ፣ ዋጋው የቅጠሉን ጉልበት ይነግራል። ጠዋት ውድ የነበረው ማታ ይረክሳል፣ በማግስቱ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

አሁን ዋጋው እጥፍ ይሁን እንበል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር የሚቅመው የባንክ ሠራተኛ ይቀንሳል ወይም ይተዋል። ይህን እቀበላለሁ። ግን ስለ እሱ ማን ተጨንቆ ነበር? ጉዳቱ ያለው በየቀኑ ካልቃመ ሐራራው የማያስቆመው ሰው ላይ ነው፤ አጠና ተራ እንጨት የሚያወርደው፣ ሌሊት ዘብ የሚያድረው፣ ታክሲ ላይ የሚጮኸው። እሱ መጀመሪያ የሚቀንሰው ምሳውን ነው። ቀጥሎ የቤት ወጪውን። ከዚያ የትናንቱን ይገዛል፣ ከዚያ ሌላው ቅሞ የጣለውን ገረባ። ጉልበቱ የደከመውን ቅጠል ለማካካስ ብዙ ይቅማል፣ ረጅም ሰዓት ይቀመጣል። ከጫቱ በኋላ የሚጠጣው ጨብሲ ግን አይቀርም፤ ቢራው ስለተወደደ አረቄ ይሆናል። በዋጋ ጭማሪው የተጎዳው የባሰ ሱሰኛው፣ ከእሱም በላይ ሚስቱና ልጆቹ ናቸው።

ዋጋ ስለ ለጋነት ይናገራል ብያለሁ። የማይናገረው ደግሞ አለ። አገራችን ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች በጫት ቅጠል ላይ የዲዲቲ ቅሪት አግኝተዋል። ዲዲቲ ለወባ መከላከያ በየቤቱ ግድግዳ እንዲረጭ የመጣ መርዝ ነው። ተባይ ያልነካው፣ የሚያብለጨልጭ ቅጠል ደህና ዋጋ ያወጣል። ከፍ ያለ ዋጋ የከፈለው ሰው ንጹሕ ነገር የገዛ ይመስለዋል፤ እሱ ግን የከፈለው ለመልኩ ነው። «ይወደድ» የሚለው ወገን ዘመቻ ሲጠራ ሰምቼ አውቃለሁ፤ «ይመርመር» ሲል ግን አልሰማሁም።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በጁን 2014 ጫትን ስትከለክል የታየውም ለእኛ ትምህርት ነበር። ከኬንያና ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ትኩሱ ይገባ የነበረው ቅጠል ቆመ፤ ዋጋው በብዙ እጥፍ ሰማይ ወጣ። ብዙ ሰው ተወ፤ ያልተወው ግን በፖስታ ጥቅል ተደብቆ የሚላክ የደረቀ ጫት ጀመረ። መቼ እንደተቀጠፈ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተቀላቀለበት ዓይቶ መለየት የማይቻል ዱቄት መሰል ነገር ነው። ትኩሱን የሚገዛ ቢያንስ «የዛሬ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር።

አረቄ ላይ ስንደርስ ነገሩ ከኪስ አልፎ ነፍስ ላይ ይደርሳል። ተራ አረቄና ዳግም አረቄ እንዳለ የማያውቅ ጠጪ የለም። ዳግሙ ሁለት ጊዜ የወጣ ነው፤ የአልኮል መጠኑ 45 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ትናንት አምስት መለኪያ ተራ ጠጥቶ በእግሩ ቤቱ የገባ ሰው ዛሬ በዚያው መለኪያ ሳይነገረው ዳግም ቢቀዳለት ቱቦ ውስጥ ያድራል። ጥፋቱ የዳግሙ ብቻ ነው? አይደለም። ተራውም ዳግሙም ስማቸው ተነግሮ ሲሸጡ ጠጪው ልኩን ያውቃል። ሰው የሚወድቀው ልኩ ሳይነገረው ሲለዋወጥበት ነው። በዓለም ላይ በሄሮይን ከሚሞቱት አንዳንዶቹም እንዲሁ ናቸው፤ ትናንት ደካማ ሲወስድ የቆየ ሰው ዛሬ ብርቱው ይገጥመዋል፤ ወይም እስር ቤት ከርሞ ሰውነቱ መልመዱን ረስቶ ሳለ የድሮውን ያህል ይወስዳል። ስለዚህ «ንጹሑ ነው የሚገድለው» ከሚለውም፣ «የተበረዘው ነው የሚገድለው» ከሚለውም ወገን አይደለሁም። ገዳዩ አለመታወቁ ነው።

ሜታኖል የሚባለውን እዚህ ላይ ካላነሳሁ ነገሩ ጎደሎ ይሆናል። እቤት የሚወጣ አረቄ ውስጥ ሜታኖል በትንሹ ይኖራል፤ በአብዛኛው ግን ሰው በጅምላ የሚጨርሰው አውጪዋ እናት ጋኗ ላይ የሠራችው ሥራ አይደለም። ዋጋ ሲወደድና ትርፍ ሲጠብ፣ መሀል የገባ ነጋዴ የፋብሪካ አልኮል ጨምሮ ሲያበዛው ነው። ሜታኖል እንደ ተራው አልኮል ያሰክራል፣ በክብሪት ሲለኩሱትም ይነዳል፤ «ነዷል፣ ደህና ነው» ብሎ የሚፈትን ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲብላላ ዓይን የሚያጠፋና የሚገድል አሲድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 ኬንያ ውስጥ እንዲህ ያለ መጠጥ በጥቂት ቀናት ከ60 በላይ ሰው ፈጀ። ኢራን መጠጥ ክልክል ነው፤ በ2020 የኮሮና ጊዜ አልኮል በሽታውን ይገድላል የሚል ወሬ ሲነዛ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በሜታኖል ሞቱ። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ከልክላ በነበረችበት ዘመን ደግሞ መንግሥት ራሱ ሰው እንዳይጠጣው ብሎ በፋብሪካ አልኮል ውስጥ መርዙን አበረታው። ሰው ጠጣው፣ ሞተም። ከዚያ በኋላ እንኳ «ይፈሩታል፣ ይተዉታል» የሚል ሹም አልጠፋም ነበር።

የእኛዋ አረቄ ሻጭ ከቀረጥም ከምርመራም ውጭ ናት። ቢራ በተወደደ ቁጥር ገበያው ወደ እሷ ይሄዳል። ይህን የምለው ቢራ ይርከስ ለማለት አይደለም። ቢራው ላይ ቀረጥ ጭኖ አረቄውን እንዳላዩ ማለፍ ግን ሰውን ይዘቱ ከተጻፈበት ጠርሙስ ወደማይታወቅ ጀሪካን መግፋት ነው።

ከዚህ በታች ያለው ደረጃ ማስቲሽ ነው። ጦር ኃይሎች ድልድይ ሥር ወይም 18 ማዞሪያ ታክሲ መያዣው ላይ ልብ ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ልጁ የሃይላንድ ጠርሙስ ሹራቡ እጅጌ ውስጥ ከቶ፣ አፍንጫውን ክንዱ ላይ የተከዘ መስሎ ይቀመጣል። ጠርሙሱ ሥር ጫማ ሠሪ የሚጠቀምበት ሙጫ አለ፤ ካጣ ቤንዚን ያራሰው ጨርቅ። ለምን እንደሚስብ ጠይቁት፤ ብርዱን ያስረሳል፣ ረሃቡን ያስረሳል ይላችኋል። ትነቱ አንጎል ይጎዳል፤ ልብን በድንገት ቀጥ ሊያደርግ ይችላል። እስቲ የዋጋ መድኃኒታችሁን እዚህ ላይ ሞክሩት! የነዳጅ ድጎማው መነሳት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ቤንዚን ስንት ጊዜ እንደጨመረ ባለታክሲ ይመስክር። ልጁ የሚፈልገው ግን ክዳን ሙሉ ነው። ክዳን ሙሉ ቤንዚን የማይገዛበት ዋጋ ቢኖር ከተማዋ መኪና አይኖራትም ነበር።

አውስትራሊያ ውስጥ በገጠር በሚኖሩ የአገሬው ተወላጅ ወጣቶች ዘንድ ቤንዚን መሳብ ትልቅ መቅሠፍት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ኦፓል የተባለ፣ ሰውን የሚያሰክሩት ንጥረ ነገሮች የተቀነሱለት ቤንዚን ወደነዚያ አካባቢዎች ማደያዎች እንዲገባ ተደረገ። መኪናውን ያንቀሳቅሳል፣ ልጁን ግን አያሰክርም። ሳቢው በእጅጉ ቀነሰ። እነሱ የለወጡት ዋጋውን ሳይሆን ውስጡን ነው፤ የሙጫ አስመጪና አምራች ላይም ይህን መጠየቅ ይቻላል። ቶሉዊን የተባለው አስካሪ ንጥረ ነገር የሌለበት ወይም ያነሰበት ሙጫ አለ።

የተከራካሪዎቼ ጠንካራ ማስረጃ ያለው እዚያው አውስትራሊያ ነው፤ ሸሽቼ አላልፈውም። እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ ላይ ሄሮይን ድንገት ከገበያ ጠፋ፣ ዋጋው ናረ፣ ንጽሕናው ወረደ። በ1999 ከ1,100 በላይ ሰው በሄሮይንና በመሰል ዕፆች ብዛት ሞቶ ነበር፤ በ2001 ቁጥሩ ከ400 በታች ሆነ። ትልቅ ነገር ነው፤ የዳነ ነፍስ ሁሉ የዳነ ነፍስ ነው። ግን ሁለት ነገር ይጨመርበት። የመጀመሪያው፣ ከተጠቃሚዎቹ የተወሰኑት ኮኬይንና ሜታምፌታሚን በመርፌ ወደ መውሰድ ዞሩ። ሁለተኛው፣ አገሪቱ ሱሰኛው ሐራራው ሲያስቸግረው የሚሄድበት ሕክምና፣ በሄሮይን ምትክ የሚሰጠው ሜታዶን ጭምር፣ አስቀድማ ነበራት። በሩን ስትዘጋበት የሚገባበት ሌላ በር ከፍታለት ነበር። እኛ ጋ ስንት በር ተከፍቷል? ለሱስ ሕክምና ሲባል መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው አማኑኤል ሆስፒታል ነው፤ አንድ ሆስፒታል ደግሞ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ በር አይባልም።

አውስትራሊያ ላይ የሆነው ደግሞ እንደልብ የሚደገም አይደለም። አሜሪካ ቢሊዮኖች አፍስሳ ስታሳድድ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2007 ባለው ጊዜ የሄሮይን፣ የኮኬይንና የካናቢስ ዋጋ ከንጽሕናቸውና ከዋጋ ግሽበቱ ጋር ሲሰላ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ወረደ፤ ንጽሕናቸው ግን ጨመረ፣ የሄሮይኑ በ60 በመቶ። እንግዲህ ማሳደዱ የሚፈለገውን ውድነት እንኳ ማምጣት አልቻለም። በ2010 ኦክሲኮንቲን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ እንዳይፈጭ ሆኖ ሲሠራ ችግሩ ይቀላል ተባለ፤ ከሱሰኞቹ የተወሰኑት ግን ወደ ሄሮይን ሄዱ። ሄሮይኑን ደግሞ ከእሱ 50 እጥፍ የሚበረታው ፌንታኒል ተካው፤ በ2021 አንድ ዓመት ውስጥ ከ100,000 በላይ ሰው በዕፅ ብዛት ሞተ። ሪቻርድ ካዋን የተባለ አሜሪካዊ በ1986 ማሳደድ በበረታ ቁጥር ዕፁ ይበረታል ያለው ይህን ነው። ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም። የሚሸሽ ነጋዴ ብዙ ቦታ የሚይዘውን ይተዋል፣ በትንሹ ብዙ የሚያሰክረውን ይይዛል። ከሻሸመኔ በኩል የሚመጣ ጋንጃ ይሸታል፣ ከረጢት ይፈልጋል። ክኒን አይሸትም፤ ካልሲ ውስጥ ይገባል። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት ወጥቶ በየሰፈሩ በፍሬ የሚሸጥ ዕቃ የሆነውም ስለሚመች ነው። ሲበዛ ሰውን እንደ ሚጥል በሽታ ያንፈራግጣል። ከሐኪም ማዘዣ ውጭ የሚገዛው ልጅ ደግሞ ክኒኑ ላይ የተጻፈው ውስጡ መኖሩን የሚያረጋግጥበት ምንም መንገድ የለውም።

ይህን ሁሉ ይዤ ዜና ስሰማ የሚያበሽቀኝ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፦ «ግምታዊ ዋጋው ይህን ያህል ሚሊዮን ብር የሆነ አደንዛዥ ዕፅ በቁጥጥር ሥር ዋለ፤ እንዲወገድም ተደረገ።» በብር ተተምኖ፣ በኪሎ ተመዝኖ፣ በቴሌቪዥን ታይቶ ይቃጠላል። ስለ ይዘቱ ግን አንድ ቃል አይነገረንም። ከክኒኖቹ ስንቱ ሐሰተኛ ነበር? መጠጡ ሜታኖል ነበረበት? ጋንጃው ላይ ምን ተረጭቶበታል? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 መሠረት ሻጩ ይከሰስ፤ ይታሰር፤ በዚህ ጠብ የለኝም። ነገር ግን ለክሱ ሲባል የተመረመረው ናሙና ውጤት ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ከሚቀበር ለሕዝብ ቢነገር ሰው ያድናል። የብሩ ቁጥር የሚጠቅመው ነጋዴውን ነው፤ ዕቃው ምን ያህል እንደሚያወጣ በነፃ ተዋወቀለት።

«ይዘቱን መናገር ማስተዋወቅ ነው» የሚሉኝ አሉ። ቢራ ጠርሙስ ላይ የአልኮሉ መጠን በመቶኛ ተጽፏል፤ ይህን አንብቦ ሰካራም የሆነ ሰው አሳዩኝ። እኛ እኮ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያስወጣን፣ የመጠጫ ዕድሜን 21 ያደረግን አገር ነን። ማስታወቂያን ከማስጠንቀቂያ መለየት እናውቅበታለን። ሌሎች ደግሞ «ሱሰኛ ራሱ ያመጣውን ራሱ ይወጣው» ይላሉ። ለእነሱ መልስ የለኝም፤ ልጃቸው አጠገብ እስኪደርስ ይጠብቁ ብዬም አልመኝባቸውም።

የምጠይቀው ከበጀት በላይ አይደለም። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቤተ ሙከራ አለው፤ የአዲስ አበባው ባለሥልጣን ተቆጣጣሪዎች አሉት። ከተያዘው ዕፅና መጠጥ ናሙና እየወሰዱ ውጤቱን በየጊዜው ያውጡ። ጫት ላይ የዲዲቲ ምርመራ ይጀመር፣ የተበከለውም ከየት እንደመጣ ይነገር። አረቄ የሚያወጡ እናቶችን በቅጣት ከማሸሽ መዝግቦ፣ አስተምሮ፣ ናሙናቸውን ማየት ይሻላል፤ ነጋዴው ፋብሪካ አልኮል ሲያመጣባቸው የሚጠቁሙትም እነሱ ናቸው። ከመጠጥ ወይም ከክኒን የተነሳ ራሱን ስቶ አለርት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚገባው ሰው ምን እንደወሰደ ይመዝገብ፤ በአንድ ሳምንት ከአንድ ሰፈር ሦስት ሰው በአንድ ዓይነት ምልክት ከመጣ ማስጠንቀቂያው በዚያው ቀን ወረዳው ውስጥ፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ይነገር። ይህ ሳይደረግ ዋጋ ማስወደድን የሱስ መከላከያ ብሎ መጥራት ድሃውን ወደ ባሰው መግፋት ነው።

እስከዚያው ለአንባቢዬ አንድ ነገር አለኝ። ማታ ጠጥቶ የገባ ሰው በማግስቱ «ዓይኔን ጭጋግ አለበሰው፣ በረዶ መሰለኝ» ካለ፣ ራሱን ከፈለጠው፣ ካስመለሰውና ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ካለ፣ ስካሩ እስኪለቀው ይተኛ ብላችሁ አትተዉት። የሜታኖል ምልክት ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ማርከሻም አለው፣ የሚሠራው ግን ቶሎ ከተደረሰ ነው። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት፤ ከጠርሙሱ ሥር የቀረች ካለችም ይዛችሁ ሂዱ።